የሞተሩ ፊትና የእናቴ መሐላ

ከልጅነቴ ጀምሮ ችኩል ነኝ። እናቴ፣ ስትወለድም አዋላጇን አልጠበቅክም ትለኛለች። ሻይ ሳይበርድ እጠጣና ምላሴን እቃጠላለሁ፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እመልስና እሳሳታለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት እኛ ቤት በቀን አንዴ ሳይነሳ አይውልም ነበር፤ የሚነሳውም በኔ ምክንያት ነው።

ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቤቴ ደግሞ ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ከእናቴ ጋር ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። በሥራዬና በቤቴ መካከል ሐረጎ አለ። ለማያውቀው ሰው፣ ሐረጎ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ ነው፤ ከታች የኮምቦልቻ ሙቀት፣ ከላይ የደሴ ብርድ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ጭነታቸው ከብዷቸው እያቃሰቱ የሚወጡ መኪኖች። ከፈረቃ ዘግይቼ ስወጣ ሚኒባስ አላገኝም ነበርና ያገለገለ ቀይ ሞተር ገዛሁ። ፊቱና ጎኑ እንደ እሽቅድምድም ሞተር በሾለ የፕላስቲክ ሽፋን የተሸፈነ ነው። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ይሄ ደግሞ ቆሞም የሚሮጥ ይመስላል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በረመዷን አንድ ምሽት የፈረቃ ተረካቢዬ ዘግይቶ መጣና ከፋብሪካው የወጣሁት ጀንበር ልትገባ ስትል ነበር። እናቴ ደወለች። ሾርባው ደርሷል፣ ሳይቀዘቅዝ ፈጠን በል አለችኝ። በየቀኑ የምትለው ነገር ነው። ያን ቀን ግን አዛን ሲል ፊቷ ተቀምጬ ቴምር ይዤ መገኘት አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። ከመግሪብ በፊት ያለችውን ሰዓት የጾመ ሁሉ ያውቃታል። ባጃጁም ይሮጣል፣ ሚኒባሱም ይሮጣል፣ እግረኛውም ይሮጣል። እኔ ደግሞ ሳልጾምም የምሮጥ ሰው ነኝ።

ሐረጎ አጋማሽ ላይ፣ አንዱ ጥምዝ ጋ ስደርስ፣ ከፊቴ ያለፈ ከባድ መኪና ያንጠባጠበው ናፍጣ አስፋልቱ ላይ ነበር። የኋላ ጎማዬ ከዳኝ። ሞተሩ በፊቱ ተደፍቶ እየተፋተገ ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ እኔም በትከሻዬ ወደቅሁ። የመንገዱ ሰዎች አነሱኝ። ሄልሜቴ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቋል፣ ራሴ ግን ደህና ነበር። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይጮህ ነበር። ከሰዎቹ አንዱ አነሳውና ልጅዎ ወድቋል፣ ግን በሕይወት አለ ብሎ ለእናቴ የነገራት እሱ ነው።

የትከሻዬ አጥንት ተሰብሮ ነበርና እጄን አንገቴ ላይ አስረው ከሆስፒታል ሰደዱኝ። እቤት ስገባ እናቴ አላለቀሰችም። ሁለታችን ሁልጊዜ የምንበላበትን ትልቁን ትሪ ፊቴ አስቀመጠች፣ ቁራሽ አጎረሰችኝ፣ ከዚያ ተነስታ በሩ ጋ ቆመች።

«ወላሂ» አለች፣ «ከእንግዲህ ካንተ ጋር አንድ ትሪ ላይ እጄን አላገናኝም። ስለምጠብቅህ ነው የሮጥከው። የሚጠብቅህ ሰው ባይኖር ቀስ ብለህ ትመጣ ነበር።»

መጀመሪያ የድንጋጤ ንግግር መስሎኝ ነበር፤ ውሎ አድሮ የሚረሳ። አልተረሳም። እናቴ መሐላ የምታበዛ ሴት አይደለችም፣ ከማለች ደግሞ ማለች ነው። በበነጋታው አዛን እንዳለ እሷ ቀድማ ጓዳ ውስጥ በላች፣ ለኔ ብቻዬን አቀረበች። በማግስቱም እንዲሁ። ዒድ መጣ፣ የዒድ ዕለትም ጎረቤት በተሰበሰበበት እሷ ከሴቶቹ ጋር በሌላ ትሪ ቀረበች። ልብሴን ታጥባለች፣ ትከሻዬን ታሻለች፣ ትስቃለች፣ ታወራኛለች፤ ምግብ ሲቀርብ ብቻ ትነሳለች። ለሁለት ሰው በተሠራ ትሪ ላይ ብቻዬን መብላት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግማሹን እተወዋለሁ፤ እጄ የሷ ወገን ወደሆነው አይሄድልኝም።

ጎረቤታችን የሆኑት ሸህ ነገሩን ሰምተው መጡ። ለመሐላ ከፋራ አለው አሏት፤ መሐላውን ያፈረሰ ሰው አስር ሚስኪን ያበላል፣ አቅም ካጣ ደግሞ ሦስት ቀን ይጾማል፣ አላህ ይምራል። እናቴ በአክብሮት ሰማቻቸው።

«ልክ ነዎት» አለቻቸው። «ግን መሐላዬን ያስማለኝ ፍርሃት ነው። ፍርሃቴ ሳይወጣ መሐላዬን ባፈርሰው፣ ነገ ደሞ ሌላ እምላለሁ።»

ሸሁ ሳቁና ተነሱ። ሲወጡ ትከሻዬን ሳይሆን ራሴን ነካ አድርገው፣ አብሽር፣ ልብ እንደ ሞተር ተበይዶ አይድንም፣ ጊዜ ስጣት አሉኝ።

ሞተሩ ግቢያችን ውስጥ ነበር። ሰዎቹ በጭነት መኪና አምጥተው ያራገፉት ዕለት እንደቆመ ነው። የፊቱ ሽፋን ተሰባብሮ የመብራቱ ገመዶች ተንጠልጥለዋል፤ ጎኑ ላይ ያለው ጭረት ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳል። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ትስባለች። ልሽጠው ብዬም ነበር። ሊያዩት የመጡት ሁሉ «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው ሆኑብኝ፤ አንዱ ሞተሩን ለመለዋወጫ ብቻ እወስደዋለሁ አለ፣ ሌላው ደግሞ እንዲያው ለደግነቱ ቦታ ላስለቅቅልህ ዓይነት ነገር ተናገረ። ደግሞስ ብሸጠው ምን ላደርግ ነው? ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቼ እናቴን ብቻዋን ደሴ ልተዋት ነው። ያን አልፈለግሁም። እሷም አፍ አውጥታ ሽጠው ብላኝ አታውቅም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቁስሉን በየቀኑ እያየች እንዴት ይወጣላታል? የሞተሩን ፊት ልሥራው አልኩ። አዲስ ሽፋን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው፣ ዋጋውም ደመወዜን የሚያስቅ ነበር። አዲስ ሄልሜት ግን ሳልደራደር ገዛሁ፤ የተሰነጠቀ ሄልሜት ዳግመኛ ራስ ላይ አይደረግም። ከአንድ ጣሳ ቀይ ቀለም በቀር ለጥገናው የተረፈኝ እጄ ብቻ ነበር፤ እሱም አንዱ ገና በቅጡ አይታዘዘኝም።

ከመንገድ ላይ የተለቀመውን ስብርባሪ ሰዎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ሰጥተውኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ዘርግቼ እንደተሰበረ ጋን አገጣጠምኩት። ከመብራቱ በታች መዳፍ የምታክል አንዲት ቁራጭ የለችም። እሷ ሐረጎ ገደል ውስጥ ቀርታለች።

ሰኞ ገበያ የተቀደደ ጀሪካንና የተሰነጠቀ ሳፋ በጋለ ብረት የሚበይድ ሰው አለ። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁ። ስንጥቁን ከጀርባ በኩል ያቀልጠዋል፣ ቀጭን ሽቦ ይቀብርበታል፣ በላዩ ላይ ሌላ ፕላስቲክ እንደ ሻማ ያንጠባጥብበታል። እኔ መች እስኪጨርስ ጠብቄ! ቤቴ ሮጥኩ፣ ካራ አጋልኩ፣ ቢጫ ጀሪካን ቆርጬ አቅልጬ ጠጋገንኩት። በማግስቱ ጠዋት ጣቴን ባሳርፍበት ጥግኑ እንደ ደረቀ ማስቲካ ተላቆ ወደቀ። ተመልሼ ለሰውየው ሳሳየው ሳቀና፣ ጀሪካን ከጀሪካን ጋር ነው የሚዋደደው፣ ይሄ ሌላ ዘር ነው፣ የራሱን ዓይነት ፈልግለት አለኝ።

የተሰነጠቀውን በራሱ ስብርባሪ በየድኩት። ለጎደለችው ቁራጭ ግን የራሱን ዓይነት ከየት ላምጣ? ይህን ራት ላይ፣ ብቻዬን ትሪው ፊት ተቀምጬ፣ ጓዳ ላለችው እናቴ ጮክ ብዬ አወራኋት። ሳጥኗ ሲከፈት ሰማሁ። የተሰነጠቀውን ሄልሜቴን ይዛ መጣች። ከአደጋው በኋላ የት እንደገባ አላውቅም ነበር፤ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከአባቴ ኩታ ጋር አስቀምጣዋለች።

«ራስህን የጠበቀው ይኸው ነው» አለች። «ይሆንህ እንደሆነ ቁረጠው።»

ፋቅ አድርጌ አቅልጬ ሞከርኩት፤ ያዘ። ካልተሰነጠቀው ጎኑ መዳፍ የምታክል ቆርጬ ከመብራቱ በታች ያለውን ቀዳዳ ደፈንኩበት። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ እስክጨርስ አየችኝ።

ቀጥሎ ስንጥቁን የሚሞላው ስቱኮ ነው፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት። ማሸት የምትለዋ ነገር ለችኩል ሰው የተፈጠረች ቅጣት ናት። በውሃ እየነከሩ ያሻሉ፣ ይደርቃል፣ ያዩታል፣ ለስልሷል ይላሉ፤ ጣት ሲሄድበት ስንጥቁ አለ። መጀመሪያ ቀን አበቃ ብዬ ስነሳ፣ ምስር የምትለቅመው እናቴ ሰፌዷን አስቀምጣ መጣች። ዓይኗን ጨፍና ጣቷን በሽፋኑ ላይ አስኬደች። ከምስር ውስጥ ጠጠር በዳሰሳ የምታወጣ ጣት ናት።

«እዚህ ጋ አለ» አለች።

እውነትም ነበር። እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ማሸት። ከሥራ መልስ በሚኒባስ ስመጣ፣ ዘግይቼ ኮምቦልቻ የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ካላደርኩ በቀር፣ በየቀኑ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ አሻለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትዳስሳለች፣ ገና ነው ብላ ትሄዳለች። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሽፋኑን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው የቃጣኝ ቀን ነበር። ከዚያ ሳላስተውለው ነገሩን ወደድኩት መሰለኝ። ጉልበቴ ላይ ያለውን ሽፋን እኔ ከወዲህ እያሸሁ እሷ ከወዲያ ትዳስስ ጀመር፤ እጃችን ትሪ ላይ ባይገናኝም እዚያ ይገናኝ ነበር። አንድ ቀን ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ተመለሰ፣ ዓይኗን ገለጠች፣ «ገና ነው» ሳትል ወደ ምስሯ ሄደች። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፤ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ግቢውን ዞርኩት።

ደስታዬም ወዲያው ወደ ድሮው ጠባዬ መለሰኝ። ሐምሌ ገብቶ ነበር። በሐምሌ የደሴ ጉም ቤት ድረስ ይገባል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ረሳሁና፣ ጉም ግቢያችንን እንደሞላው ቀለሜን ነፋሁ። ማታ የሚያምር ቀይ ነበር። ጠዋት ወተት የተደፋበት መስሎ ነጥቶ ተገኘ፣ ሲነኩትም ያጣብቃል። እናቴ ወጥታ አየችው፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች፣ ከዚያ መያዝ አቃታት። ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም፤ ስለዚህ አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ተቀምጬ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ አሽቼ አነሳሁት። የዚያን ጊዜ አልቸኮልኩም። ለምን እንዳልቸኮልኩ አላውቅም፤ መቸኮሉ የሰለቸኝ ይመስለኛል።

ደሴ ላይ ካልደረቀ ኮምቦልቻ ይደርቃል። የሽፋኑን ክፍሎች በጋቢ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ታማሚ ሕፃን መስሏቸው፣ አላህ ያሽረው፣ ምኑን ነው ያመመው ብለው ጠየቁኝ። ፊቱን አልኳቸው። ገልጬ ሳሳያቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ ለማንኛውም ዱዓ አደርግለታለሁ አሉኝ። ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረና ፀሐይ ወጣች። የወደቅሁበትን ጥምዝ በመስኮት አየሁት። አንድ ፍየል ቆሞ ሣር ይግጣል፤ ሌላ ምንም ምልክት የለውም።

ባልደረባዬ የተከራየበት ግቢ ውስጥ ባጃጅ ቀለም የሚቀባ ሰው አለ። ቀይ ቀለሜ በጉሙ አልቆ ስለነበር የተረፈውን የባጃጅ ሰማያዊ ሰጠኝ። ክፍሎቹን ልብስ ማድረቂያ ገመድ ላይ አንጠልጥለን ቀጭን ቀጭን አድርገን ነፋናቸው። አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አልደረብንም። ሁለተኛው ቀለም ከመነፋቱ በፊት እኔ ራሴ፣ ቆይ ይድረቅ አልኩ። ባልደረባዬ ደንግጦ አየኝ፤ ፋብሪካ ውስጥ ማንም ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም።

ሞተሩንም በጭነት አውርጄ እዚያው ገጣጠምኩት። አያምርም አልልም፣ ግን ሩጫ የሚለው ፊቱ ጠፍቶ፣ የደከመ ባጃጅ መስሏል። ገና ከግቢው ስወጣ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊያስቆመኝ ሞከረ። ሐረጎን የወጣሁት ከአንድ ጭነት መኪና ኋላ፣ በሱ እርምጃ ነው። ብቀድመው እችል ነበር። ሌሎች እየቀደሙኝ ሄዱ፣ አንዱም እያለፈኝ ምን ሆነህ ነው እንደማለት እጁን አወዛወዘ።

እቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሞተሩን ዞራ ታየዋለች፣ ቀለሙን ታደንቃለች፣ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቃል ብዬ ነበር። ቀለሙን ከአንድ ጊዜ በላይ አላየችውም።

«ከኮምቦልቻ መቼ ተነሳህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ወደ ቤት ገብታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ መንገዱ ስንት እንደፈጀብኝ በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ሄደች። ትልቁን ትሪ ይዛ መጣች። እንደሁልጊዜው አስቀምጣ ትነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሳችም። እጇን ታጠበች፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እማ፣ መሐላሽስ?» አልኳት።

«አፈርሰዋለሁ። አስር ሰው ማብላት አልችልም፣ መጾም ግን እችላለሁ።» እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገችና እንዲህ አለች፦ «ፍርሃቴ ጨርሶ የወጣ አይምሰልህ። ግን ያን ሁሉ ቀን ቁጭ ብለህ ስታሽ አየሁህ። ለአንዲት ጭረት ይህን ያህል የታገሰ ሰው፣ ለሾርባ ብሎ አይሞትም።»

ቢስሚላህ ብላ እጇን ሰደደች። እጃችን ትሪው ላይ ተገናኘ። እኔ ሳለቅስ፣ እሷ ወጡ እንዳይፈስብህ እያለች ቁራሽ ወደኔ ትገፋልኝ ነበር። ያን ማታ ትሪው ላይ የተረፈ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ከፋራዋን መጾም ጀመረች። ጾሙ የሚያልቅበት ቀን ተረካቢዬ እንደገና ዘገየ። አላህ ይስጠው አልልም፣ ግን እንደዚያ ቀን ሆነ፤ ጀንበር ልትገባ ስትል ከፋብሪካው ወጣሁ። እናቴ አልደወለችም። ሐረጎን ወጥቼ ከተማው አፋፍ ላይ ስደርስ፣ ከላይ ከደሴ የመግሪብ አዛን ተሰማኝ። እጄ ነዳጅ መስጫውን ልትጠመዝዝ ፈለገች፤ የለመደ እጅ ነው። መንገዱ ዳር አቆምኩ። አዛኑ እስኪያልቅ ድረስ መዳፌን ሰማያዊው ሽፋን ላይ፣ ከመብራቱ በታች፣ የሄልሜቴ ቁራጭ ያለችበት ቦታ ላይ አሳርፌ ቆየሁ። ጣቴ ስንጥቁን ፈለገ፣ አላገኘውም። ከዚያ ቀስ ብዬ ሄድኩ።

ስገባ ጨልሟል። እናቴ ትሪው ፊት ተቀምጣለች። ከአጠገቧ አንዲት የቴምር ፍሬና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አለ፤ ጾሟን በዚያ ፈታ ሌላውን አልነካችም። ሾርባው በሰሃን ተከድኗል። እየጠበቀችኝ ነው።

ክዳኑን አነሳች። እንፋሎት አልወጣም።

«ሾርባው ቀዝቅዟል» አለች።

ወደኔ ገፋችልኝና ቀዝቃዛውን ሾርባ አብረን ጠጣን።